አያ ሞላና የሁዳዴው ሽኒትዝል

ቆቦን በሽኒትዝል ያስጠሩት ሼፍ አቶ ሞላ ባለፈው ሳምንት አርፈው በደብራቸው ተቀብረዋል። በእጃቸው የሠለጠንን ሴቶች «አያ ሞላ» እንላቸው ነበር። በቀብራቸው ዕለት አልቅሻለሁ፤ ዛሬ ግን የምጽፈው በኩራት ነው።

በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ከአንድ ኦስትሪያዊ ሼፍ ጋር ሠርተዋል፤ ሽኒትዝልንም የተማሩት ከእሱ ነው። ቆቦ መጥተው መንገድ ዳር ባለው ሆቴል ወጥ ቤት ሲሠሩ፣ ሥጋውን ቀጥቅጠው ያሳሱትና በዱቄት ለውሰው፣ በእንቁላል ነክረው፣ የዳቦ ፍርፋሪ አልብሰው ይጠብሱታል። የሚያልፈው ሾፌር ሁሉ ስለ ስሙ ይጠይቃል፤ እሳቸውም መጥበሻውን ለእኛ ትተው ይወጣሉ። «ቃሉ የጀርመን ነው። መቁረጥ ከሚለው የወጣ ነው፤ ትንሽ ቁራጭ ማለት ነው። ቪየናዎች አሠራሩ የኛ ነው ይላሉ፤ ሚላኖች የለም፣ የኛ ነው ይላሉ። እነሱ ሲጨቃጨቁ እኛ ቆቦ ላይ እንብላው!» ትሕትና እንዳልፈጠረባቸው አልክድም።

አንድ ዓመት ሁዳዴ ሲቃረብ የሆቴሉ ባለቤት የወጥ ቤቱን ሴቶች እስከ ፋሲካ ሊያሰናብተን ወሰነ። እኔ ገና ከአራስ ቤት መውጣቴ ነበር፤ ሌላ መተዳደሪያም አልነበረኝም። አያ ሞላ ሽርጣቸውን እንደታጠቁ ፊቱ ቆሙ።

«የሚጾመው ሥጋው ነው፤ እነዚህ ልጆች ምን አጠፉ? ቁራጭ ነው አልኩ እንጂ የሥጋ ቁራጭ መቼ አልኩ?»

ጾሙ ሲገባ ዱባ በስሱ ቆርጠን፣ በሽምብራ ዱቄት ብጥብጥ ነክረን፣ ፍርፋሪ አልብሰን በዘይት ጠበስን። ወሬው ወዲያው ደብሩ ደረሰ። «ሞላ በሁዳዴ ሥጋ ይጠብሳል» ተባለና አንድ አረጋዊ ቄስ ከቅዳሴ መልስ በቀጥታ ወጥ ቤት ገቡ። አያ ሞላ መስቀል ተሳልመው አንዷን ቁራጭ ለሁለት ከፈሉላቸው። ቄሱ ቀመሱ።

«ታዲያ ምናለ ዱባ ብትለው? አገሩን አስደነገጥከው እኮ!»

«አባ፣ ዱባ ካልኩትማ ማን ይገዛኛል?»

ቄሱ ስቀው የቀረውንም ግማሽ ጨረሱት። ከዚያ ወዲያ ከጎረቤት ከተሞቹ ከዋጃም ከሮቢትም ሰው ለጾም ምሳ ይመጣልን ጀመር። እኛም ሳንሰናበት ፋሲካ ደረሰ።

አያ ሞላ፣ እግዚአብሔር ነፍስዎን ከደጋጎቹ ጋር ያኑርልን። እኔ ዛሬ ሮቢት ላይ የራሴን ምግብ ቤት ከፍቻለሁ። ሁዳዴ በገባ ቁጥር ሠራተኞቼ ፈራ ተባ እያሉ ፊቴን ያያሉ። እስካሁን አንዷንም ወደ ቤቷ አልሰደድኩም፤ እርስዎን ያወቀ ሰው እንዴት አድርጎ ይችላል?