ውሻዬን ሳሰለጥን የሰገድኩት ስግደት

ቡችላውን ከባምባሲ በካርቶን ያመጣሁት እኔው ነኝ፤ ማንንም አልወቅስም። ለማስተማር አሶሳ ተመድቤ ስመጣ ብቸኝነቱ አስመርሮኝ ስለነበር ጓደኛ ይሆነኛል ብዬ ነው። ሆነኝም። ችግሩ ለሰው ሁሉ ጓደኛ መሆኑ ነው። ሰው ካየ ዘሎ ደረቱ ላይ ይወጣል፣ ይልሳል።

የተከራየሁት የአንድ የበርታ ሽማግሌ ግቢ ውስጥ ነው። አባባ እላቸዋለሁ። ለሶላት ታጥበው ውዱእ አድርገው፣ ነጭ ጀለቢያቸውን ለብሰው ወደ መስጊድ ሊወጡ ሲሉ ይሄ ጉደኛ ይንደረደርና ይልሳቸዋል። የውሻ ምራቅ ከነካቸው ልብስ መቀየር፣ እንደገና መታጠብ ነው፤ ውሃው ደግሞ በጄሪካን ነው የሚመጣው። ሁዳዴ ሲገባ ጠሩኝ።

«ልጄ፣ እኔ ውሻ አልጠላም» አሉኝ። «ግን ጉልበቴ ያመኛል፤ ሁለት ጊዜ መታጠብ አልችልም። ጾምሽ እስኪያልቅ ካልተማረ፣ ወንድሜ ሆሞሻ እርሻ አለው፣ እዚያ ይሂድ።»

ስልሳ ተማሪ ዝም የማሰኝ መምህርት አንድ ቡችላ ያቅተኛል እንዴ? ልክ አስገባዋለሁ አልኩ። ማሰልጠን ማለት ለእኔ መጮኽ ነበር። «ተቀመጥ! አንተ ባለጌ! ተቀመጥ እኮ ነው የምልህ!» ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባላል፤ በእኛ ቤት የሚበላው እሱ፣ የምትጮኸው እኔ። እሱ ጨዋታ መስሎት ጭራውን እየቆላ ይዘልብኛል።

በዚያው ሰሞን ለንስሐ አባቴ ቁጣዬን ተናዘዝኩ። ቱግ የምለው በውሻው ምክንያት መሆኑንም አስረዳኋቸው፤ ጥፋቱን ላላክክበት ፈልጌ። ቄሱም ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው «በጮኽሽ ቁጥር ሰባት ስግደት» አሉኝ። ለውሻው ምንም አላዘዙለትም!

ጠዋት ጠዋት በረንዳው ላይ ምንጣፍ አንጥፌ መስገድ ጀመርኩ። ጎንበስ ስል ጀርባዬ ላይ ይወጣል። በጸሎት መሃል አይጮኽ ነገር! ጥርሴን ነክሼ ዝም። ጆሮዬን ይልሳል፤ ዝም። በሦስተኛው ቀን ሰለቸውና ምንጣፉ ጫፍ ላይ ተጋደመ። ለካ የሚያስዘልለው የእኔው ጩኸት ነው!

ከዚያ ወዲያ ሲዘል ፊቴን አዞርበታለሁ፤ ሲጋደም ዳቦ ቆሎ እሰጠዋለሁ። በሁዳዴ ቤቴ ውስጥ አጥንት ከየት ይመጣል? አባባ ሊወጡ ሲሉ ቀድሜ በሩ ላይ እቆምና በእጄ ብቻ ምልክት አሳየዋለሁ። ታዲያ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ምላሴ ላይ የደረሰ ስድብ መዋጥ ደረቅ እንጀራ ያለ ውሃ ከመዋጥ ይብሳል። አንዳንዴ ያመልጠኛል፤ ሰባቴን እሰግዳለሁ። አንደበትም ይጹም ተብሎ ሲሰበክ ዕድሜዬን ሙሉ አሜን ስል ኖሬያለሁ፤ መጾሙን ያስለመደኝ ግን ይሄ ቡችላ ነው።

ስቅለት ደረሰ። እኔ ቀኑን ሙሉ ቤተ ክርስቲያን ስሰግድ አባባ ለጁምዓ ይወጣሉ፤ ውሻው ደግሞ ያለ እኔ ነው። በየስግደቱ መሃል አቤቱ አደራህን እላለሁ፤ ጌታዬ ይቅር ይበለኝና ግማሹ ጸሎቴ የውሻ ነበር።

ወደ ማታ ጉልበቴን እየጎተትኩ ስመለስ አባባ ደጃቸው ተቀምጠዋል። ጀለቢያቸው ንጹሕ ነው። ውሻው ከእሳቸው ራቅ ብሎ ተጋድሟል።

«ሆሞሻ ይሄዳል?» አልኳቸው።

«ውሻውማ ይቀመጥ» አሉና ትንሽ አሰብ አደረጉ። «ልጄ፣ አሁን ልንገርሽ። የውሻ ምራቅ በውሃ ይለቃል። ያንቺ ጩኸት ግን ቤቴ ስሰግድ ሶላቴ ውስጥ ይገባ ነበር። ቤት ልቀቂ ማለት አሳፈረኝና በውሻው አሳበብኩ።»

ፊቴ ጋለ። እንደ ልማዴ ቱግ ልል አፌን ከፈትኩ፤ የወጣው ግን ሳቅ ነው። ቀን የተቆረጠው ለካ ለእኔ ኖሯል።