ከግራ የጀመረው ዝምታ

ስፌቷ ቀጥ ያለ ስለሆነ «መስመሬ» ይሏታል። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ልብስ ፋብሪካ ውስጥ የሸሚዝ ኮሌታ ስትሰፋ ኖራለች፤ ወንበሯ ከረድፉ የመጀመሪያው ነው፣ በሩ ሥር። በሩ ደግሞ ጠዋት ሁሉም ከገቡ በኋላ ከውጭ ይቆለፋል፤ ጨርቅ እንዳይሰረቅ ነው አሉ። ወይ ጨርቅ! ባለፈው ወር ካውያው ጨርቅ አቃጥሎ ክፍሉ በጭስ ሲታፈን፣ ሠላሳ ሁለት ሴቶች በሩን ሲደበድቡ፣ አለቃው ውጭ ቆሞ ቁልፉን ፍለጋ ኪሱን ይዳብስ ነበር። ከዚያ ወዲህ መስመሬ በሩ ሲቆለፍ ትንፋሽ ያጥራታል።

ልጇ ሶሲዮሎጂ ታጠናለች፤ ለመመረቅ ስድስት ወር ቀርቷታል።

«እማ፣ ሰው ስለተበደለ ብቻ አይነሳም» አለቻት ደብተሯን ገልጣ። «ቢሆንማ ዓለም በየቀኑ ይነሳ ነበር። ሌላው ሲነሳ ሲያይ ነው የሚነሳው። አንዱ አሥር ሰው ማየት ይፈልጋል፣ ሌላው አንድ ይበቃዋል።»

«ማንንም ሳያይ የሚነሳውስ?»

ልጅቷ ገጹን ገለበጠች። «እሱ ብዙ ጊዜ ይጎዳል።»

ሴቶቹ በሩ እንዳይቆለፍ ሥራ ሊያቆሙ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥ መከሩ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው ተባለ። ግን የመጀመሪያዋን ሎሚ ማን ያንሳ? ብልሃት አበጁ፤ ሐሙስ አራት ሰዓት ላይ እያንዳንዷ ከግራዋ ያለው የስፌት መኪና ሲቆም የራሷን ታቆማለች። «ማን ጀመረ?» ቢባል፣ «ከግራዬ ያለችውን አይቼ ነው» ትላለች። በብልጠታቸው ደስ ብሏቸው ተለያዩ።

ሐሙስ አራት ሰዓት ሞላ። መኪኖቹ ይንጫጫሉ። አራት ከአምስት ሆነ። ሁሉም በዓይናቸው ጠርዝ ወደ ግራ ያያሉ። መስመሬም ዞረች፤ ከግራዋ ያለው የተቆለፈው በር ብቻ ነው። ያኔ ገባት። ልጄን በምን አስመርቃለሁ ብላ ፈራች፣ በጣም ፈራች። ጭሱም ትዝ አላት። እግሯን ከፔዳሉ አነሳች።

ዝምታው ወንበር ለወንበር ሄዶ መጨረሻዋ ጋ ደረሰ። አለቃው ከፍቶ ገባና ከመጨረሻዋ ጀምሮ «ማን ጀመረ?» እያለ ጠየቀ። አንዷም አልዋሸችም፤ ሁሉም ወደ ግራ ጠቆሙ። ከመስመሬ ጎን ያለችው ስትጠቁም እንባዋ መጣ።

«ይቅር በይኝ እትዬ» አለቻት።

«ተነሺ፣ ውጪ» አላት አለቃው መስመሬን።

ወጣች። እሱም ተከትሏት ወጥቶ በሩን ቆለፈና ሄደ። ቦርሳዋን ታቅፋ ኮሪደሩ ላይ ቆማ ጆሮዋን ጣል አደረገች፤ ዝም ይሉ ይሆን ብላ። መጀመሪያ አንድ መኪና ተንቀሳቀሰ፣ ከዚያ ከጎኑ ያለው፣ ከዚያ ሁሉም።