የወንድሜ ሬንጀር

ላሊበላ ውስጥ ሥራ የፈታ አስጎብኚ ማንንም እምቢ አይልም። ቱሪስት ከጠፋ ወዲህ እኔም ቃሉን ረስቼው ነበር። ስለዚህ ከአዲስ አበባ የመጡ አራት ፊልም ሠሪዎች ደሴት ላይ ስለሚነሱ የሞቱ ወታደሮች አስፈሪ ፊልም እንደሚሠሩ ሲነግሩኝ፣ ላስታ ውስጥ ባሕር የት አይታችሁ ነው ብዬ አልሳቅኩም። እንዲያውም ደሴቱን ያገኘሁላቸው እኔ ነኝ። ወደ ገነተ ማርያም በሚወስደው መንገድ፣ በክረምት ዙሪያውን ጉም የሚሞላው ኮረብታ አለ። ጠዋት ከላይ ሆኖ ለሚያይ ሰው ታች ያለው ሁሉ ውሃ ነው የሚመስለው። ዳይሬክተሩ ሲያየው አቅፎ ሳመኝ።

አቅም አልነበራቸውም። ካሜራቸው አንድ ነው፤ መብራታቸው በባጃጅ ባትሪ የሚሠራ፣ ደማቸውም በሽሮፕ የተበጠበጠ ቀይ ቀለም ነው። ሙታን እንዲሆኑ የሰበሰብኩላቸው እንደኔው ሥራ የፈቱ አስጎብኚዎችን ነው፤ አመድ ተቀብተው ሲመጡ ሜካፕም ብዙ አላስፈለጋቸውም። የጎደለው የወታደር ልብስ ብቻ ነበር። ሬንጀር ከየት እናምጣ ብለው ሲጨነቁ፣ አንድ እኛ ቤት አለ አልኩ።

እኛ ቤት ያለው የታላቅ ወንድሜ ነበር። ወታደር ነው። ጦርነቱ ከመጀመሩ በፊት ለዕረፍት መጥቶ ሲመለስ ትቶት ሄደ፤ ከዚያ ወዲህ ደብዛው ጠፋ። ሞቷል ያለን የለም፤ አለ ያለንም የለም። እኛ ዘንድ ደግሞ መርዶ ሳይነገር አይለቀስም። የነፍስ አባትና ሽማግሌዎች ማለዳ መጥተው ካላረዷት በቀር እናት ልጇን አታለቅስም፤ ፍትሐት የለም፣ ተዝካር የለም። መርዶ ያልመጣበትን ሰው ማልቀስ ሞቱን መጥራት ነው። እናቴም ይኸው ስንት ዓመት ሳታለቅስ ኖረች። በየወሩ ሬንጀሩን ከሣጥን አውጥታ ፀሐይ ታስመታዋለች፣ አጥፋም ትመልሰዋለች። ለልጇ ልታደርግለት የምትችለው ሌላ ነገር አልነበራትም።

ሳልነግራት ወሰድኩት። ብጠይቃት እንደምትከለክለኝ ስለማውቅ ነው ያልጠየቅኳት፤ ይህን ዛሬም አልክድም።

ሦስት ቀን ሙሉ ሬሳ ሆኜ ዋልኩ። ጥይት የመታኝ ለማስመሰል የሬንጀሩን ደረት ሁለት ቦታ በሲጋራ በሱት፤ ቀለሙንም ደፉበት። አልከለከልኳቸውም። ወንድሜ ይመለሳል ብዬ መጠበቅ ካቆምኩ ቆይቻለሁ ማለት ነው፤ ይህን ያወቅኩት ግን ሲበሱት ዝም ብዬ ስመለከት ነው። እጄን ዘርግቼ እያቃሰትኩ በጉሙ ውስጥ ስንገዳገድ ጓደኞቼን ሳቅ ገደላቸው። እኔም ስቄያለሁ።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ልብሱን ላጥብ ከሰፈራችን በታች ወዳለው ወንዝ ወረድኩ። ቀለሙ አልለቅ አለ። ሳሸው ሳለ አንድ ጎረቤታችን፣ ምራቅ የዋጡ ሽማግሌ፣ በቅሏቸውን ሊያጠጡ መጡ። ልብሱን አዩ፣ ቀዳዳውን አዩ፣ እኔን አዩ። «አይዞህ ልጄ» ብለው ትከሻዬን ያዝ አደረጉኝና ሄዱ። ሥራ በማጣቴ ያዘኑልኝ መሰለኝ። የሟች ወታደር ልብስ በጓደኛው እጅ ቤቱ ሲደርስ፣ ቀድሞ የሰማው የቤተሰቡ ሰው እስከ መርዶው ቀን ደብቆ እንደሚይዘው ጠፍቶኝ አይደለም። ያን ጊዜ ግን ትዝ አላለኝም።

በማግስቱ ገና ሳይነጋጋ በራችን ተንኳኳ። የነፍስ አባታችን ከፊት፣ ሽማግሌው ከኋላ፤ ግቢው ጋቢ በተከናነበ ሰው ሞልቷል። እናቴ እንዲህ ሆነው የመጡ ሰዎች ምን እንደሚሉ ለማወቅ እስኪናገሩ መጠበቅ አላስፈለጋትም። የወንድሜን ስም ጠርታ ጮኸች። ሴቶቹም ተቀበሏት።

የለም፣ የለም እያልኩ በሰው መሐል ገባሁ። ሐዘኑ ያሳበደኝ መስሏቸው ያዙኝ። ሬንጀሩን አውጥቼ፣ ይህ ቀለም ነው፣ ለብሼው የነበርኩት እኔ ነኝ፣ ፊልም ነው ብዬ እስካስረዳቸው ድረስ እናቴ ደረቷን ስትመታ ነበር። ሲገባቸው ልቅሶው ቆመ። የነፍስ አባታችን አቀረቀሩ። ሽማግሌው ይቅርታ ሊጠይቁ ጎንበስ አሉ። ሴቶቹ ነጠላቸውን እያስተካከሉ ሊነሱ አሉ። እናቴ እንድትረግመኝ ጠበቅኩ፤ ብትረግመኝ ይሻለኝ ነበር።

እሷ ግን ልብሱን ተቀብላ ቀዳዳዎቹን በጣቷ ዳሰሰች።

«ፊልሙ ስለምንድን ነው?» አለችኝ።

«ደሴት ላይ ስለሞቱ ወታደሮች ነው፣ እማዬ። ሞተው ይነሳሉ።»

«ተነሥተው ቤታቸው ይመጣሉ?»

መዋሸት እችል ነበር። ለቱሪስት ስንቱን ዋሽቻለሁ።

«አይመጡም» አልኳት። «ከደሴቱ መውጣት አይችሉም።»

ሬንጀሩን ጭኗ ላይ ዘርግታ ቀስ ብላ አጠፈችው። ከዚያ ሊነሱ ወዳሉት ሰዎች ዞረች።

«ተቀመጡ እባካችሁ» አለች። «የሚያረዳኝ ሰው አጥቼ ነው እንጂ እኔስ አውቀው ነበር።»

ለነፍስ አባታችንም ፍትሐቱን ይጀምሩልኝ አለቻቸው። አባ እኔን አዩኝ፤ እኔም መሬት መሬት አየሁ። ልቅሶው እንደገና ተነሣ። እኔም ከወንዶቹ ጋር ተቀምጬ፣ ሞቱን ማንም ያላየውን ወንድሜን፣ ምናልባት አሁንም የሆነ ቦታ ቆሞ የቤቱን መንገድ የሚጠይቀውን ወንድሜን፣ አለቀስኩት።