ወደ ኋላ የሚዞረው ፓምፕ

አክስቴን ሥራ ፈት ሁሉ «እትዬ ፓምፕ» ይላታል። ስሙን ያወጡላት ሊያላግጡባት ነበር፤ እሷ ግን ወደደችውና አፋቸውን አስያዘቻቸው።

ሃያ ሁለት ዓመት በአንድ የመስኖ እርሻ ፓምፕ ጠጋኝ ነበረች። ሞተሩ ሲቆም ወደ ላይ የተገፋው ውሃ በቱቦው ተመልሶ ይወርድና ፓምፑን ወደ ኋላ ያሽከረክረዋል። ይህን ያላየ ሠራተኛ አልነበረም፤ ቆም ብላ ያሰበችበት ግን እሷ ብቻ ናት። ጡረታ ስትወጣ የእጅ ሰዓት ሊሸልሟት ቢሉ፣ «ሰዓቱ ይቅርብኝ፣ ያንን የተጣለ ፓምፕ ከነሞተሩ ስጡኝ» አለች።

በጋሪ አስጭና መንደራችን አመጣችው። ከፏፏቴው ራስ ቱቦ ዘርግታ ውሃ ለቀቀችበት፤ ፓምፑ ወደ ኋላ ዞረ፣ ሞተሩም ኤሌክትሪክ ሰጠ። ይኸው ስድስት ዓመት ሙሉ አርባ ቤት ይበራበታል፣ የጤና ኬላው የክትባት ማቀዝቀዣም ይሠራበታል። ትልቁ የመብራት መስመር ይመጣላችኋል ይሉናል፤ ላም አለኝ በሰማይ ነው።

ባለፈው ማክሰኞ የኤሌክትሪክ ተቆጣጣሪ መጣ። ልጅ እግር ነው፣ ክፉም አይደለም። ቅጹን ሲሞላ ቆይቶ «የማመንጫው አምራች» የሚለው ላይ ሲደርስ ቆመ።

«እትዬ፣ አምራች ከሌለው ፈቃድ የለም። ፈቃድ ከሌለ ደግሞ ዛሬውኑ ማሸግ አለብኝ።» ድምፁን ቀነሰ። «የሆነ የውጭ ፋብሪካ ስም ይጻፉ። ማንም አያጣራም።»

ባሏም አብሮን ቆሟል። «ጻፊው በቃ» አላት። «አርባ ቤት ከሚጨልም አንዲት ቃል ብትዋሺ ምን አለበት? ማቀዝቀዣውስ?»

እውነቱን ልናገር፣ እኔም በልቤ ጻፊው እያልኩ ነበር። አሁን ሳስበው አፍራለሁ።

አክስቴ እጇን በቀሚሷ ጠረገች። «የሰው ወርቅ አያደምቅም። ፋብሪካ የሠራው ውሃ መግፊያ ነው፤ ማመንጫ ያደረግኩት እኔ ነኝ። እስክሪብቶውን አምጣ።»

በትልልቁ «እኔ» ብላ ጻፈች። ከሥሩ አድራሻ ይላል፤ «ከፏፏቴው ግርጌ» ብላ ሞላችው።

ልጁ ቅጹን አየና ራሱን ነቀነቀ። «ይሄንን አይቀበሉኝም። ማሸጌ ነው።»

«አሽገው። ሥራህ ነው፣ አልጣላህም። ግን ልንገርህ፣ ስትሄድ እከፍተዋለሁ። ተመልሰህ ብታሽገው እንደገና እከፍተዋለሁ። የሠራ ሰው መክፈት አያቅተውም።»

ልጁ የውሃውን ቫልቭ ዘጋ፣ በሽቦ አሰረና አሸገው። ፓምፑ ቀስ እያለ ቆመ። ተሰናብቶን ወጣ።

ልጁ ገና ዳገቱን ሳይጨርስ፣ ባሏ ማንም ሳይጠይቀው የሽቦ መቁረጫ ፒንሳውን አቀበላት።