የእቴቴ ጥርስ

አክስቴ ስትስቅ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ትሸፍናለች። ልጅ ሳለሁ የጨዋ ሴት ወግ ይመስለኝ ነበር። እኔ የአዳማ ልጅ ነኝ፣ የከተማ ቧንቧ ጠጥቼ ያደግሁ። ክረምት ትምህርት ቤት ሲዘጋ ግን ከመልካሳ ወዲህ ወዳለችው መንደሯ እላካለሁ፤ እዚያ ደግሞ ሽማግሌውም ጎረምሳውም ሲስቅ እጁ ወደ አፉ ይሄዳል። ነገሩ ወግ እንዳልሆነ የገባኝ ቆይቶ ነው። የጉድጓዱ ውሃ ፍሎራይድ አለበት፤ ጥርስ ያበልዛል። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ላደገ ሰው ይህ አዲስ ወሬ አይደለም።

እቴቴ ነው የምላት። አንቱ ስላት «ባዳ አደረግኸኝ?» ብላ ትቆጣለች፤ ስለዚህ አንቺ ነው የምላት። ሰው ላይ መቀለድ ነፍሷ ነው፤ እኔ ደግሞ ቱግ ባይ ስለሆንኩ ከቤተሰቡ ሁሉ የምትመርጠው እኔን ነው።

የምሠራው አዳማ ባለ አንድ ትንሽ የውሃ ድርጅት ውስጥ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ትልቅ የውጭ ቴክኖሎጂ ኩባንያ ገንዘብ ሰጠን። ኩባንያው ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚያሠራባቸው ማሽኖች አሉት፤ ማሽኖቹ ይግላሉ፣ የሚቀዘቅዙትም በውሃ ነው። ታዲያ ማሽኖቹ ከሚጠጡት የበለጠ ውሃ ለዓለም እመልሳለሁ ብሎ ቃል ገብቷል። ከሚመለሰው ውስጥ አንዷ ጭላፊ ለእቴቴ መንደር ደረሰች፤ የቦኖው ውሃ በአጥንት ከሰል ተጣርቶ እንዲወርድ ተደረገ። ከሰሉ ከተቃጠለ የከብት አጥንት የሚሠራ ነው። ፍሎራይዱን ይይዛል፤ ሲጠግብ ግን በአዲስ መቀየር አለበት፤ አለዚያ ማጣሪያው ተራ በርሜል ነው።

ይህን ለእቴቴ ያስረዳሁበትን ቀን አልረሳውም።

«ማሽን ውሃ ይጠጣል?» አለችኝ።

«ሲግል ያቀዘቅዙበታል።»

«ጥርሱስ አይበልዝም?»

ሳቅሁ። እሷ ግን አልጨረሰችም።

«የሚጠጣው እዚያ፣ የሚመልሰው እዚህ?»

«አዎ።»

«እዚያ ያሉት ጎረቤቶቹስ ምን ይጠጣሉ?»

ይህን ጥያቄ የኩባንያውን ሰዎች ጠይቄያቸው አላውቅም ነበር። «ለእነሱም ሌላ ሰው ይመልስላቸዋል» አልኳት። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀችብኝ።

የአጥንቱን ነገር ስትሰማ ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ። ጊዜው ዐቢይ ጾም ነበርና «ታዲያ ይኼ ውሃ ጾም ነው ፍስክ?» አለች። ሙስሊም ጎረቤቶቿም ከብቱ በማን እጅ እንደታረደ ጠየቁ። ለኩባንያው በምጽፈው ሪፖርት ላይ ይህን በምን ቋንቋ እንደማስገባው ግራ ገባኝ። የእቴቴ የንስሐ አባት መጥተው ከቦኖው ቀድተው ጠጡና «ውሃ ውሃ ነው» አሉ። የመስጊዱ ሼክም በበኩላቸው ጎረቤቶቿን አረጋጉ፤ መንደሩ መቅዳት ጀመረ።

ከሁሉ ቀድማ ጀሪካኗን ይዛ የምትሰለፈው እቴቴ ናት። ምክንያቷ የልጅ ልጇ ነች። የሕፃኗ እናትና አባት ሞጆ ደረቅ ወደብ ስለሚሠሩ ልጅቷ የምታድገው እቴቴ ጋ ነው፤ በአባቷ ቋንቋ በኦሮምኛ «አኮ» ትላታለች፣ አያቴ ማለቷ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ «ቋሚ ጥርሷ ድድ ውስጥ እየተሠራ ያለው አሁን ነው፤ የሚወስነው ዛሬ የምትጠጣው ውሃ ነው» ካለቻት ወዲህ፣ እቴቴ ለልጅቷ ከሌላ ጉድጓድ ጠብታ አላስቀመሰቻትም።

ዓመቱ ሲያልቅ ኩባንያው ችግሩን የሚያሳይ ፎቶ ጠየቀን። እቴቴን ለመንኳት።

«ዕድሜ ልኬን የደበቅሁትን ለፈረንጅ ላሳይ?»

«ለእኔ ብለሽ ሳይሆን ለልጅቷ።»

ነጠላዋን ከአፏ አወረደች፤ ግን አልሳቅ አለች። ስለዚህ ጠዋት ከባጃጅ ሾፌር ጋር እንዴት እንደተጣላሁ፣ በንዴት ዘልዬ ወርጄ ቦርሳዬን እዚያው ረስቼ፣ ያንኑ የሰደብኩትን ሰው እየጠራሁ እንዴት እንደሮጥኩ ነገርኳት። አፏን ከፍታ፣ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። እኔም አነሳኋት። እንዲህ ስትስቅ አይቻት አላውቅም ነበር፤ ቆንጆ ነበረች።

ከወራት በኋላ የኩባንያው ሪፖርት በኢሜይል መጣ። ከፈትኩት፤ እቴቴ ሙሉ ገጽ ላይ ትስቃለች። ነጠላዋ የእሷ ነው፣ የዓይኗ ዳር ሽብሽብ የእሷ ነው። ጥርሷ ግን ነጭ ነው፣ እስከ መንጋጋዋ ድረስ ወተት የመሰለ። ከሥሩ የመንደሩ ችግር እንደተቀረፈ ተጽፏል። ችግሩ ከተቀረፈ ደግሞ የከሰል መቀየሪያ ገንዘብ ምን ያደርጋል? በሚቀጥለው ዓመት ዕቅድ ውስጥ አልነበረም።

ከኩባንያው ጋር በኢንተርኔት ስብሰባ ተገናኘን። የነፋስ ተርባይኖቹ በመስኮታችን በኩል ኮረብታው ላይ ይሽከረከራሉ፤ እኛ ጋ ግን መብራት እየሄደ ስብሰባው ደጋግሞ ተቋረጠ። በኩባንያው በኩል ያነጋገረችን ሴት ትሑት ሰው ነበረች። ሪፖርቱን ያዘጋጀው የራሳቸው ሰው ሠራሽ አስተውሎት እንደሆነ፣ ፎቶዎቹንም እንዲያምሩ የሚያስተካክለው እሱ እንደሆነ፣ የማንም ሰው እጅ እንዳልነካቸው በኩራት ነገረችን። ጥርስ ባዳ ነው፤ እየሳቅሁ አመሰገንኳት፣ ውስጤ ግን እርር ድብን አለ። ስብሰባው ሲያበቃ አለቃዬ «ተወው፣ ለከርሞ እንጠይቃለን» አለኝ። የልጅቷ ድድ የእኛን በጀት ዓመት እንደማይጠብቅ ጮኬ ነግሬው፣ በሩን ወርውሬ ዘግቼ ወጣሁ።

ለኩባንያው ልጽፍ ወሰንኩ። የተነካውን ፎቶ ከእውነተኛው ጋር ጎን ለጎን ማሳየት ነበረብኝ፤ ይህን ደግሞ እቴቴን ሳላስፈቅድ አላደርገውም። በሚኒባስ ስሄድ መንገዱን ሙሉ የምላትን ሳሰናዳ ነበር። አምናኝ የገለጠችውን አፍ ማሽን አበጅቶ እንደሸፈነባት እንዴት እነግራታለሁ?

ስልኬን ሰጠኋት። ራቅ አድርጋ ይዛ አየችው። አውራ ጣቷን በቀስታ ፊቱ ላይ አሳለፈች።

«እናቴ» አለች።

የእሷ እናት፣ የእኔ አያት፣ ከመንዝ ተድራ ወደዚህ ቆላ የወረደች ሴት ናት። ያደገችው በደጋ ምንጭ ስለሆነ እስክትሞት ጥርሷ እንደነጣ ነበር። እኔ ሳልወለድ ስለሞተች አላውቃትም፤ ፎቶም የላትም። እቴቴን ከልጅነቷ ጀምሮ «ቁርጥ እናትሽን፣ ከአፍሽ በቀር» ይሏት ነበር። አሁን አፉም ተጨምሮላት እናቷ ስልክ ውስጥ ሆና ትስቅላታለች።

ለጠብ ተዘጋጅቼ ሄጄ አብሬያት አለቀስኩ።

«አሳጥበህ አምጣልኝ» አለች ዓይኗን እየጠረገች።

«አመጣልሻለሁ። ግን ለሰዎቹ ያልተነካውን መላክ አለብኝ። ሁሉም ሰው ያየዋል።»

ወደ ልጅቷ ዞር ብላ አየች። ልጅቷ ደጃፉ ላይ ከጀሪካኑ በጣሳ እየቀዳች ግማሹን እግሯ ላይ ታፈሳለች።

«እናቴን እዚህ ተዋት» አለችኝ። «ለእነሱ የእኔን ላክ።»

ላክሁ። ያቺ ትሑት ሴት ራሷ መለሰችልኝ፤ ረጅም ይቅርታ ጻፈች፣ በሪፖርቱ ላይም የእቴቴን ፎቶ እንደነበረው መለሰችው። የከሰሉ ነገር ግን ገና ይታያል እየተባለ ስንመላለስ ቆየን፤ ስንት ጊዜ ቱግ እንዳልኩ አለቃዬ ይመስክር። በመጨረሻ ፈቀዱ፤ አሮጌው ሳይጠግብ አዲሱ ከሰል ገባ። ለሚመጣው ዓመት እንደገና መለመናችን አይቀርም።

የታጠበው ፎቶ እቴቴ ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ባለፈው ስሄድ ልጅቷ ጣቷን ወደ እሱ ቀስራ ቆማ ነበር።

«አኮ፣ ይቺ ማናት?»

እናቴ ናት እንድትላት ጠበቅሁ። እቴቴ ነጠላዋ ትከሻዋ ላይ እንዳለ፣ አፏን ሳትሸፍን ሳቀች።

«አንቺ ነሽ» አለቻት፣ «ስታረጂ።»