የጋሽ ወርቁን ስም ይዤ ከፉሪ እስከ ጎፋ

ሰው የጉዞ ማስታወሻ የሚጽፈው ባሕር ሲሻገር፣ ቢያንስ ደግሞ አባይን ወርዶ ሲወጣ ነው። የእኔ ጉዞ ከፉሪ ተነስቶ ጎፋ ይደርስና በላፍቶ በኩል ይመለሳል። ንፋስ ስልክን ለቅቄ እንኳ አልሄድኩም። ግን እንደዚያ ቀን መንገድ የረዘመብኝ ጊዜ ስለሌለ፣ ሳይረሳኝ ልጻፈው ብዬ ነው።

ፉሪ፣ ማለዳ

ምሕረት እባላለሁ፤ ሥራዬ የሬዲዮ ቺፕ መንደፍ ነው። ስልክ በሉት፣ የመኪና ቁልፍ በሉት፣ ያለ ሽቦ የሚነጋገር ነገር ሁሉ ሆዱ ውስጥ ከምስር ፍሬ የማይበልጥ ቺፕ አለው፤ ሞገዱን ከአየር ላይ ለቅሞ የሚሰማው እሱ ነው። እኔና ሦስት ባልደረቦቼ ጎፋ በተከራየነው ባለ ሁለት ክፍል ቢሮ ውስጥ በኮምፒዩተር እንስለዋለን። ፋብሪካው ውጭ አገር ነው። ሥዕሉን እንልካለን፣ ወራት እንጠብቃለን፣ ቺፑ በፖስታ ይመጣል። እስካሁን እንጀራችን የሌሎችን ሥዕል ማረም ነበር። ይሄኛውን ግን ከመጀመሪያው መስመር እስከ መጨረሻው ራሳችን ነን የሠራነው፤ የውሃ ቆጣሪን ከሩቅ ለሚያነብ መሣሪያ፣ አንድ የውጭ ድርጅት አዞን።

ያን ቀን ሊለካ ነው። መለኪያ መሣሪያውን የተዋስነው ለአንድ ቀን ብቻ ነበር፤ ደንበኞቻችን ከሰዓት በኋላ በቪዲዮ ገብተው ውጤቱን ያያሉ። ቺፑ ከሠራ ሁለተኛውን ሥራ ይሰጡናል፤ ካልሠራ ቢሮው ይዘጋል፣ እኛም እንበተናለን። ፖስታው የደረሰው ዋዜማውን ማታ ቢሮ ከተዘጋ በኋላ ስለነበር ሳጥኑ እኔ ቤት አደረ። እንቅልፍ የሚባል ነገር አላየሁም።

አንድ ሌላ ጉዳይም ነበረኝ። የዚህ ሙያ ሰዎች የቆየ ልማድ አለን፤ ሥዕሉ አልቆ ጥግ ላይ ባዶ ቦታ ከተረፈ፣ በብረቱ ንብርብር አንድ ነገር እንጽፍበታለን። አንዱ የልጁን ስም ይጽፋል፣ ሌላው ድመቱን ይስላል። በማይክሮስኮፕ ካልሆነ አይታይም። እኔ የጋሽ ወርቁን ስም አስጽፌያለሁ። ጋሽ ወርቁ ላፍቶ ውስጥ ሬዲዮና ቴፕ ይጠግኑ ነበር። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ሱቃቸው እየገባሁ፣ ከደንበኛ ወንበር ላይ እያስነሱኝ፣ መልሼ እየተቀመጥኩ ነው ያደግኩት። ይሄን ሙያ ያስያዙኝ እሳቸው ናቸው። ስለዚህ ሐሳቤ በጠዋት ጎፋ ሄጄ ቺፑን መለካት፣ ስመለስ ላፍቶ ወርጄ “ጋሼ፣ ስምዎ እዚህ ላይ አለ” ማለት ነበር።

ሌሊት የዘነበው ዝናብ ኮብልስቶኑን አጥቦታል፤ ኮብልስቶኑ የሚያልቅበት ቦታ ላይ ግን ጭቃው ጫማ ያስቀራል። ሳጥኑን እንቁላል እንደተሸከመ ሰው አቅፌ ዘለልኩ። ታክሲው ውስጥ ረዳቱ ዕቃውን ከወንበር ሥር፣ ከሽንኩርት ጆንያ አጠገብ ሊያስቀምጠው ፈለገ። “እሞታለሁ እንጂ አልሰጥህም” አልኩት። እሱም ጭኔ ላይ ከያዝኩት ሒሳብ እንደማይጨምርብኝ በትልቅ ቸርነት ነገረኝ። አጠገቤ የተቀመጡ ነጠላ የለበሱ እናት ምን ይዤ እንደሆነ ጠየቁኝና እስከ ሃና ማርያም ድረስ ሳስረዳቸው ሄድኩ። ሲወርዱ “እንግዲህ ሬዲዮ ጠጋኝ ነሽ፤ እግዚአብሔር ይርዳሽ” አሉኝ። በዩኒቨርሲቲም በውጭ አገርም የተማርኩትን ሁሉ እንዲህ አሳጥሮ የነገረኝ ሰው የለም።

ሃና ማርያም

ሆዴ ባዶውን ነበርና እርጥብ ገዛሁ፤ ዳቦው ትኩስ፣ ድንቹ የተቀቀለ፣ ዳጣው ዓይን የሚያስለቅስ። ዋጋው ከወር በፊት ከማውቀው ጨምሯል፤ የምትሸጠዋን ልጅ ብጠይቃት ድንቹን ጠይቂው አለችኝ። ቆሜ በላሁ፤ ሳጥኑን በሁለት እግሮቼ መሃል አድርጌ።

ከዚያ በላፍቶ በኩል ጎፋ የሚሄድ ታክሲ ሰልፍ ያዝኩ። መንገዱ ግራና ቀኙ ፎቅ ሆኗል። እኔ ልጅ ሳለሁ ላፍቶ ጤፍ የሚታጨድበት ቦታ ነበረው፤ አባቴ ከወላይታ መጥቶ ቤት ሲከራይ ዘመዶቹ “ከተማ ገባሁ ብሎ ገጠር ገባ” ብለው ስቀውበታል። አሁን ሕንፃ በሕንፃ ሆኗል፤ እያንዳንዱ ሕንፃ ጣሪያ ላይ ደግሞ የስልክ አንቴና ተተክሏል። የሙያዬ ነገር ሆኖ ዓይኔ ወደ አንቴናው እንጂ ወደ ሱቁ አይሄድም።

የጋሽ ወርቁ ሱቅ ደጃፍ ላይ ታክሲው ሰው ሊያወርድ ቆመ። በሩ ገና አልተከፈተም። መውረድ አማረኝ፤ ነገር ግን ቺፑ መሥራቱን ሳላውቅ ምን ልበላቸው?

ጎፋ

ናሆም በር ላይ ጠበቀኝ። ሥዕሉን ወደ ብረትና ሲሊከን መስመር የሚለውጠው እሱ ነው፤ ከእኔ ያነሰ ዕድሜ፣ ከእኔ የበዛ ትዕግሥት አለው። መለኪያው በርቶ ሞቋል። ቺፑን አገናኘነው።

ስክሪኑ ላይ የምንጠብቀው አንድ ጉብታ ነበር፣ ስምንት መቶ ስልሳ ስምንት ሜጋኸርትዝ ላይ። የውሃ ቆጣሪው የሚናገረው እዚያ ነው። ጉብታው መጣ፤ ቦታው ላይ ግን የለም። ወደ ዘጠኝ መቶ ሠላሳ ሸሽቶ ቁጭ ብሏል። እዚያ ደግሞ የሞባይል ስልኮች ሰፈር ነው። ቆጣሪውን ስማ ብለን የሠራነው ቺፕ የጎፋን ስልክ ሊያዳምጥ ተቀምጧል ማለት ነው። ገመዱን ቀየርን፣ ያው። ሌላ ቺፕ ከሳጥኑ አወጣን፣ ያው።

ናሆም ሲጨንቀው ይቀልዳል። ያን ጊዜ ግን ጫማውን ያያል። ሌሎቹ ሁለት ልጆች፣ ባልደረቦቻችንም እንደዚያው። ምንድን ነው ስላቸው እርስ በርሳቸው ተያዩ።

“አትቆጪኝና፣” አለ ናሆም በመጨረሻ፣ “ስሙ ይመስለኛል።”

ነገሩ እንዲህ ነው። ስሙ ጥግ ላይ እንዲሆን ነበር የተስማማነው። በመጨረሻው ቀን ፋብሪካው ጥጉን ለራሱ ምልክት ስለፈለገው፣ እኔ “እዚህ ጋ አድርጉልኝ” ብዬ ከጥምጥሙ አጠገብ አስቀመጥኩት። ጥምጥም የምንለው ቺፑ የቱን ጣቢያ እንደሚሰማ የሚወስነው ዙሪያውን የሚዞር ቀጭን ብረት ነው። ሌላ ብረት ሲጠጋው ጉልበቱን ይሰርቀዋል፣ ጣቢያውም ወደ ላይ ይሸሻል። ይሄን የመጀመሪያ ዓመት ጀማሪ ያውቀዋል። እኔም አውቀዋለሁ! ግን ሁሉ ተፈትሾ ካለቀ በኋላ ስለተጨመረ፣ በዚያ ላይ ስሙ ትንሽ ስለሆነ፣ ዓይኔ ታወረ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ማለት ይሄ ነው።

እነሱ ግን አይተው ነበር። ሦስቱም። ለምን አልነገራችሁኝም ብዬ ጮህኩ።

“የጋሽ ወርቁ ስም ነው ስትይን እንባሽ መጥቶ ነበር፣” አለኝ ናሆም። “እንዴት አድርጌ አውጪው ልበልሽ?”

ይሉኝታ! ስንት ቤት ጓዳ ገብቶ ሲያበላሽ አውቀዋለሁ፤ ሠርግ ላይ አውቀዋለሁ፣ ለቅሶ ላይ አውቀዋለሁ፤ ቺፕ ውስጥ ይገባል ብዬ ግን በሕልሜም አላሰብኩ። በሌላ አገር ቢሆን አንዱ ተነስቶ “ይሄ ስህተት ነው” ይልና ሁሉም ወደ ሥራው ይመለሳል። የእኛዎቹ እኔን ላለማስከፋት ሲሉ ቢሮውን ሊዘጉት ነው። ብረት ደግሞ ይሉኝታ የለውም። በጣም ተናደድኩ፣ ዘልፌያቸውም ወጣሁና ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ።

ናሆም ተከትሎኝ መጣ። በእጁ ላፕቶፑን ይዟል። ሥዕሉን ስንጀምር ትንንሽ መጠባበቂያ ካፓሲተሮች እናስገባ ብሎ ሳምንት ሙሉ ጨቅጭቆኝ፣ እኔ ደግሞ ቦታ ይበላሉ ብዬ ተሟግቼው፣ ስላደከመኝ ብቻ ነበር እሺ ያልኩት። አሁን “እነሱን እናብራቸው፤ ጣቢያውን ወደ ታች ይጎትቱታል” አለኝ። ከኮምፒዩተር በትእዛዝ ይበራሉ፣ ይጠፋሉ።

ገባን። አንዱን አበራ፣ ጉብታው ወደ ግራ ትንሽ ፈቀቅ አለ። ሁለተኛው፣ ሦስተኛው። እያንዳንዱ ሲበራ አራታችንም አንገታችን ወደ ግራ ይዘማል። የመጨረሻውን ሲያበራ ጉብታው ቦታው ላይ ገብቶ ቆመ። የቀረ መጠባበቂያ አልነበረም። ጉልበቱ ትንሽ ቀንሷል፤ ከተጠየቅነው በታች ግን አልወረደም። ተመስገን ብለን ተቀመጥን። ናሆም ኦርቶዶክስ ስለሆነ፣ ቀኑም ረቡዕ ስለነበር፣ ከታች ካለው ምግብ ቤት አንድ ትልቅ በያይነት አስመጣንና ከአንድ ትሪ በላን። እኔ የጴንጤ ልጅ ነኝ፤ ግን የዚያን ቀን የምስሩን ያህል ጣፋጭ ነገር በልቼ አላውቅም።

ከሰዓት በኋላ ደንበኞቹ ገቡ። የሚመራቸው ሰውዬ ውጤቱን አየና መጠባበቂያው ሁሉ ለምን እንደበራ ጠየቀኝ። መዋሸት ይቻል ነበር። እውነቱን ነገርኩት፤ ስም ጽፌበት ነው አልኩት። ፊቱ ምንም አልነገረኝም።

“በሁለተኛው ላይ ይሄ ስም አይኑር፣” አለ።

ከዚህ ዓረፍተ ነገር እኛ የሰማነው “ሁለተኛው” የሚለውን ብቻ ነው። ስክሪኑ እንደጠፋ አንደኛው ልጅ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ አለቀሰ።

ላፍቶ፣ አመሻሽ

የጋሽ ወርቁን ሱቅ አሁን ልጃቸው አልማዝ ይዛዋለች፤ የስልክ ሽፋንና ቻርጀር ትሸጣለች። እሳቸው ከጀርባ፣ በድሮው ወንበራቸው ላይ ይቀመጣሉ። ዓይናቸው ደክሟል። ተነስተው ጉንጬን ሳሙኝ፤ ስለ እናቴ፣ ስለ ፉሪ ጭቃ ጠየቁኝ።

ቺፑን መዳፋቸው ላይ አስቀመጥኩላቸው። ሲጠግኑ ይጠቀሙበት የነበረውን ማጉያ መነጽር አልማዝ አቀበለቻቸው። አገላብጠው አዩት። ስምዎ ውስጡ አለ አልኳቸው፤ ከዚያ ደግሞ ጠዋት የደረሰብንን ሁሉ፣ ይሉኝታውንም፣ ሁለተኛው ላይ ስሙ እንደሚወጣም ነገርኳቸው። ይከፋሉ ብዬ ፈርቼ ነበር። እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ።

“ድሮም የሰው ጣቢያ አስቀይር ነበር፣” አሉ። “አውጪው፣ አውጪው። ግን የት ጋ ነው የጻፍሽው? አይታየኝም።”

“በዓይን አይታይም፣ ጋሼ። በመነጽሩም አይታይም። ከላይም ተሸፍኗል።”

“የሚገዙት ሰዎችስ?”

“እነሱም አያዩትም።”

“ታዲያ ለማን ነው የጻፍሽው?”

ሊነኩኝ ብለው አይደለም፤ ማወቅ ፈልገው ነው የጠየቁኝ። የእኔ ሐሳብ ግን ወደ ተማሪነቴ ሄደ። ሁለተኛ ዓመት ላይ ፈተና ወድቄ ዩኒቨርሲቲውን ልተወው ስል፣ ጋሽ ወርቁ የተበላሸ ሬዲዮ ተሸክመው እስከ ግቢው በር መጥተው ነበር። “አቃተኝ፤ አንቺ እይልኝ” ብለው ትተውልኝ ሄዱ። ሦስት ቀን ታገልኩትና ሠራሁት፤ ትምህርቱንም ሳልተው ቀረሁ። ያ ሬዲዮ ላይ የተፈታችው አንዲት ሽቦ ብቻ ነበረች፤ እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው የሚያገኟት። ይሄ ከገባኝ ስንት ዓመቴ። ይኸው በብረት አስጽፌዋለሁ፣ ባሕር ማዶ ልኬዋለሁ፣ ለደንበኛ ነግሬዋለሁ። ለእሳቸው ግን አንድም ቀን አልነገርኳቸውም።

ስለዚያ ሬዲዮ ነገርኳቸው። እንደገባኝ፣ ያን ቀን ባይመጡ ኖሮ ዛሬ ይሄ ሁሉ እንዳልነበረ ነገርኳቸው። “እግዜር ይስጥልኝ፣ ጋሼ” አልኩ።

ጋሽ ወርቁ ወንበራቸውን ወደ እኔ አዞሩ። “በዚህኛው ጆሮዬ ድገሚልኝ፣” አሉ፣ “ያኛው አይሰማም።”

ደገምኩላቸው። አልማዝ ደንበኛ ጠርቷት ወጣች፣ ወይም የጠራት መሰላት።

ፉሪ፣ ቤት

ቤት ስገባ ጫማዬን ደጅ ላይ አውልቄ፣ ሳጥኑን ጠረጴዛ ላይ አኖርኩ። ከዚህ ጉዞ የተማርኩት ጥቂት ነገር ነው፤ ምስጋና የሚነገረው ጆሮ ላለው ሰው እንደሆነ። ሊረሳኝ ይችላል ብዬ ልብሴን ሳልቀይር ስልኬን አነሳሁ፤ ናሆም ዘንድ ደወልኩ። ካፓሲተሮቹ የእሱ ሐሳብ እንደነበሩ፣ እኔ ስከራከረው እንደኖርኩ፣ ቢሮውን ያተረፈው እሱ እንደሆነ፣ ጠዋትም በዚያ ላይ ሰድቤው እንደወጣሁ ነገርኩት። አመሰግናለሁ አልኩት።

መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ሃሎ፣ ሃሎ አልኩ።

“ምሕረት፣” አለኝ ቀስ ብሎ፣ “ልታባርሪኝ ነው እንዴ?”

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩና ከመጀመሪያው ጀምሬ ደግሜ ነገርኩት።