ለሕፃን የተባለ

ልጅ ሳለሁ፣ ቡታጅራ አያቴ ቤት፣ ተረት የእራት ሰዓት ነገር ነበር፤ ያኔ ኩራዙ ይበራል፣ የእንሰቱ ጓሮ ይጠቁራል፣ እኛም ፍሙን ከበን የአያቴን አፍ እናያለን። እሹሩሩ ግን የቀን ነበር። አዲስ አበባ የሚነግደው አጎቴ ሚስት፣ ዘይነባ፣ ዓመት ያለፈውን ልጇን ጀማልን አዝላ ጓሮ ትንጎራደዳለች። ዜማዋ ከሦስት ድምፅ አይበልጥም፤ ቀስ ብሎ ይወጣል፣ ትንሽ ይንጠለጠላል፣ መዳፏ ልጁን መታ ሲያደርግ ይወርዳል። ቃሉ በጉራጊኛ ነው።

«ተኛልኝ፣ አባትህ ሩቅ ነው። ተኛልኝ፣ ቅቤው ሣጥን ውስጥ ነው። ቁልፉ አያትህ አንገት ላይ ነው። አንገቷ ይሰበር፣ ተኛልኝ።»

አያቴ ይህን በየቀኑ እየሰማች ታስልና ታልፋለች። ለሕፃን የተባለ ለሰው እንደተባለ አይቆጠርም ነበር፤ የምራት ምሬት ሁሉ የሚወጣው በዚያ ነው፤ አያቴም በጊዜዋ የራሷን አማት በዚያው ረግማለች። ይህን ሕግ ለእኔ የነገረኝ የለም።

አንድ ምሽት ጎረቤቶች መጡ። አያቴ ጉሮሮዋን አሟት ስለነበር «በይ ዛሬ አንቺ አውሪልን፤ ቀኑን ሙሉ አፍሽ አያርፍ!» አለችኝ። ኮራሁ። የራሴ ተረት ስላልነበረኝ የዘይነባን እሹሩሩ፣ ዜማውን ትቼ፣ ቃል በቃል ነገርኳቸው።

«ወላሂ፣ አንቺ ሴትዮ፣ አንገትሽን ጠብቂ!» ብላ አንዷ ጎረቤት በሳቅ ፈረሰች።

ዘይነባ አቀረቀረች። አያቴ ቁልፏን ዳበስ አድርጋ «ጎበዝ፣ ጥሩ ታወሪያለሽ» አለችኝ።

ጠዋት ዘይነባ ቅርብ ወዳለችው ቆሼ ከተማ፣ ወደ እናቷ ቤት ተሸኘች። ጀማልን ልታዝል ስትጎነበስ አያቴ «ልጁ የእኛ ነው» አለች።

ጀማል ሦስት ቀን እንቅልፍ እምቢ አለ። አያቴ የምታውቀውን ሁሉ ዘፈነችለት። ከዚያ «ያንን በይለት» አለችኝ፤ እኔ ግን ዜማውን አልያዝኩትም። በመጨረሻ ራሷ አዘለችውና መታ መታ እያደረገች ጀመረች። አንድ ቃል አልዘለለችም። «አንገቷ ይሰበር» ስትል እንኳ ድምጿ አልተለወጠም። ተኛ።

ዘይነባ ልጇን ለማየት ሁለት ጊዜ መጣች። ሁለቱንም ጊዜ «ተኝቷል» ተብላ ተመለሰች።

ጀማል አሁን ወልቂጤ ይኖራል። ትንሽ ከፍ ሲል አባቱ ወስዶ አዲስ አበባ ስላሳደገው ጉራጊኛው ጠፍቶበታል። በቅርቡ ልጠይቀው ሄጄ ሴት ልጁን ታቅፎ ሲያንጎራጉር ሰማሁት፤ ቃሉ ተሸራርፏል፣ ዜማው ግን ሙሉ ነው።

«የአያቴ እሹሩሩ ነው» አለኝ። «እናቴ ጥላኝ ስትሄድ እሷ ናት በዚህ ያሳደገችኝ። ግን ምን ማለት ነው?»

«ተኛልኝ ማለት ነው» አልኩት።

ያኔ ያጣሁትን ጨዋነት አሁን ይዣለሁ፤ ለሕፃን የተባለውን ለሰው አልናገርም።